የቤትን ምግብ ለመከታተል የቱ ይሻላል? ደብተር፣ ፕላስተር ወይስ ስልክ

ሐሙስ ጠዋት የሞሶቡን ክዳን አነሳሁ። ከላይ ያሉት ማክሰኞ የተጋገሩ እንጀራዎች ናቸው፤ ለስላሳና ንጹሕ። ሦስቱን አንስቼ ወደ ታች ስወርድ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ያወጣ እንጀራ አገኘሁ፤ ከእሱ ሥር ደግሞ አራት ጨርሰው የሻገቱ። እሑድ የተጋገረው ሳያልቅ ትኩሱ ተደርቦበት ኖሯል። በአዳማ ሙቀት እንጀራ መሻገቱ አያስደንቅም። ያስደነገጠኝ ስድስት ሰው በሚኖርበት ቤት እነዚያ አምስት እንጀራዎች መኖራቸውን አንድም ሰው አለማወቁ ነው። ጤፉ ተገዝቶ፣ ተፈጭቶ፣ ሊጡ ቦክቶ፣ አብሲት ተጥሎለት፣ መብራት እስኪመጣ ተጠብቆ ከተጋገረ በኋላ የማንም ሳይሆን ቀረ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከአንድ ዓመት በላይ በቤታችን ያለውን ምግብ የምንከታተልበትን መንገድ ስቀያይር ቆይቻለሁ። ደብተር ያዝን፣ ሰሌዳ ሰቀልን፣ ፕላስተር ለጠፍን፣ ቴሌግራም ላይ ጻፍን፣ መተግበሪያም ጫንን። ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ይጠቅማል፣ ሌላ ቦታ ላይ ይወድቃል። ልዩነቱን ያየሁትን ያህል እጽፋለሁ፤ ቤታችሁ ከቤታችን ስለሚለይ ምርጫችሁም ይለይ ይሆናል።

መጀመሪያ የምትጥሉትን ጻፉ

የትኛውንም መንገድ ከመምረጣችሁ በፊት ለሁለት ሳምንት የሚጣለውን ብቻ መዝግቡ። ቤት ውስጥ ያለውን መቁጠር ለጊዜው ይቆይ። ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ እርሳስ የታሰረበት ወረቀት መስቀል ይበቃል። የተጣለው ምን እንደሆነ፣ በግምት ስንት እንደሆነ፣ ለምን እንደተጣለ በአንድ ቃል፦ «ሻገተ»፣ «ቆመጠጠ»፣ «ተረሳ»፣ «በዛ»።

እኔ በርበሬና ሽሮ፣ ምስርና ዘይት ያሉበትን ጓዳ ሁሉ ለመቁጠር ተዘጋጅቼ ነበር። ወረቀቱ ግን ሌላ ነገር ነገረኝ። በርበሬና ሽሮ አንድ ጊዜ እንኳ አልተጻፉም። የሚደጋገሙት አራት ነገሮች ብቻ ነበሩ፦ እንጀራ፣ ቲማቲም፣ ከጾም ዋዜማ የተረፈ የሥጋ ወጥና ለልጆቹ ተከፍቶ የተረሳ ወተት። ስለዚህ መከታተል ያለብን መቶ ዓይነት ነገር ሳይሆን አራት ነው። ይህን ሳላውቅ ብጀምር ኖሮ ምስር ስቆጥር ቲማቲሙ ይበሰብስ ነበር።

ችግሩ የእኛ ቤት ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2024 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያወጣው ሪፖርት፣ በ2022 በዓለም ዙሪያ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ እንደባከነና 60 በመቶው ከመኖሪያ ቤት የወጣ መሆኑን ይገልጻል። ለእያንዳንዱ ሰው ሲካፈል ከቤት የሚጣለው ብቻ በዓመት 79 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ልጣጭና አጥንት ጭምር ተቆጥሮ ነው። ከሪፖርቱ ውስጥ ቆም ብዬ ያነበብኩት ሌላ ክፍል ነው፦ ሞቃት አገሮች በነፍስ ወከፍ ከቤት የሚጥሉት ከፍ ያለ ይመስላል፣ በሀብታምና በድሀ አገሮች መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ብዙዎቻችን ከምንገምተው በጣም ያነሰ ነው። ብክነት የጠገበ አገር ችግር ነው የሚለውን ሐሳብ እኔም ይዤው ኖሬያለሁ።

በጭንቅላት መያዝ

አማቴ ምንም አይጽፉም። ቅቤው መቼ እንደተነጠረ ብትጠይቋቸው «የሚካኤል ማግስት» ይላሉ፤ በርበሬው «ጊዮርጊስን አልፎ፣ ለመድኃኔ ዓለም ሁለት ቀን ሲቀረው» የተፈጨ ነው። የወሩ በዓላት 12፣ 19፣ 21፣ 23፣ 27 እያሉ በየወሩ በቋሚ ቀን ስለሚውሉ አቆጣጠሩ ፈጽሞ አይዛነፍም። እኔ ደብተር ገልጬ ከማገኘው ይልቅ እሳቸው ቶሎ ይመልሳሉ።

አንድ ሰው ገዝቶ፣ ያው ሰው አብስሎ፣ ያው ሰው በሚያቀርብበት ቤት ከዚህ የሚበልጥ መንገድ አላየሁም። ብቻችሁን የምትኖሩ ከሆነ ወይም ጓዳው በእውነት የአንድ ሰው ከሆነ፣ ሌላ ነገር መጀመር ድካም መጨመር ነው። እኛ ቤት ግን የሚገዛው ባለቤቴ፣ የምታበስለው የምታግዘን ልጅ፣ ከትምህርት ቤት መልስ ፍሪጁን የሚከፍቱት ልጆች ናቸው። እማማ እህታቸውን ለመጠየቅ አሰላ ሄደው አንድ ሳምንት ሲቆዩ ጓዳው ያለ ዓይን ቀረ። እውቀቱ ከእሳቸው ጋር ሄዷልና።

ከዚህ የወሰድኩት መመዘኛ አንድ ነው፤ ሌሎቹን መንገዶች ሁሉ የመዘንኩት በእሱ ነው። ምግቡን የሚያውቀው ሰውና ምግቡን የሚያወጣው ሰው የተለያዩ ከሆኑ፣ መዝገቡ ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ መሆን አለበት። ሁለቱ የሚገናኙት ደግሞ ምግቡ ዘንድ ነው።

ደብተርና ሰሌዳ

ደብተሩን በጓዳው በር ላይ ሰቅለን በአንድ ወገን ገቢ፣ በሌላው ወገን ወጪ ጻፍንበት። ገቢው በትክክል ተጻፈ፤ ከገበያ የመጣ ሰው ዕቃውን እያራገፈ ለመጻፍ አይሰለችም። ወጪውን ግን ማንም አልጻፈም። እጇ ሊጥ የነካ፣ ሽንኩርት ምድጃ ላይ የጣደች ሴት ሁለት እንቁላል አወጣሁ ብላ እስክሪብቶ አታነሳም። በሦስተኛው ሳምንት ደብተሩ አሥራ አራት እንቁላል አለ ይላል፤ ፍሪጁ ውስጥ ያለው አምስት ነው። አንድ ጊዜ ከእውነት የራቀን መዝገብ ማንም ተመልሶ አያየውም።

ቢሆንም ደብተሩን አልጣልኩትም። ለሚቆይ ነገር ትልቅ ጥቅም አለው። የጤፉ ማዳበሪያ መቼ ተከፈተ፣ በርበሬው መቼ ተፈጨ፣ ባቄላውና አተሩ መቼ ገቡ የሚለው በወር አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ የሚጻፍ ስለሆነ አይከብድም። በአዳማ ሙቀት ነቀዝ ቶሎ ይራባል፤ በመስከረም የገባ ባቄላ በጥር ሳይታይ መቅረት የለበትም። በርበሬ፣ ለውዝና በቆሎ እርጥበት ካገኛቸው ደግሞ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ ሊያመጣ ይችላል፤ ይህ መርዝ ደግሞ በማብሰል አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ነገር ፀሐይ አስጥቶ ልብላው ማለት አይገባም።

ሰሌዳ ከደብተር የሚለየው ሳትገልጡት መታየቱ ነው። አሥር መስመር ብቻ መያዙ ጉድለት ይመስላል እንጂ ጥሩነቱ ነው፤ አስቸኳዩን ብቻ እንድትጽፉ ያስገድዳል። የእኛን እርጥብ እጅና የልጆች ሥዕል አጠፉት።

ፕላስተርና ማርከር

አሁን ወደምወደው መጣሁ። የወረቀት ፕላስተር፣ ማርከርና ፍሪጁ ውስጥ አንድ ትሪ፤ ሌላ ወጪ የለውም። ዕቃው ወደ ፍሪጅ ከመግባቱ በፊት ሁለት ቃል ይጻፍበታል፦ ምን እንደሆነና በየትኛው ቀን እንደተሠራ። «ምስር ወጥ፣ ሰኞ»። «ጎመን፣ ሐሙስ»። ቀን ቁጥር አትጻፉ፤ የተሠራ ወጥ ዕድሜው ከሳምንት ስለማይዘል የቀኑ ስም ይበቃል፣ ለማንበብም ይፈጥናል። መዝገቡ ከምግቡ ጋር ስለሚሄድ ወጪ መመዝገብ የሚባል ነገር የለም፤ ወጡ ሲያልቅ ፕላስተሩም አብሮ ይላጣል።

የተጻፈው ቀን ትርጉም እንዲኖረው ቤቱ ሁሉ የሚያውቀው ሕግ ያስፈልጋል። የተሠራ ምግብ ከ4 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባልበለጠ ቅዝቃዜ ከሦስት እስከ አራት ቀን ይቆያል። ከምድጃ ከወረደ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነበት ቀን ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለውን የአዳማ ቀትር የሚያውቅ ሰው ይህ አንድ ሰዓት ለምን እንደተባለ አይጠይቅም። ትልቅ ድስት ሙሉ ወጥ እንዳለ አታስገቡ፤ መሐሉ ሳይቀዘቅዝ ይቆያል። በትናንሽ ዕቃ አከፋፍሉት፤ ለመለጠፍም ያመቻል።

ብዙ ሰው ፕላስተሩ ይወድቃል ብሎ ይተወዋል። የሚወድቀው የቀዘቀዘ ወይም እርጥብ ዕቃ ላይ ሲለጠፍ ነው። አድርቃችሁ፣ ሳይቀዘቅዝ ለጥፉት። ሌላው ጠላት በባዶ የቅቤ ዕቃ ወይም በማርጋሪን ቆርቆሮ ወጥ ማስቀመጥ ነው፤ ውስጡ የማይታይ ዕቃ ስም ካልተጻፈበት የተረሳ ምግብ ነው። የሚያሳይ ዕቃ ካላችሁ እሱን አስቀድሙ።

ትሪው ደግሞ በዓይን ትይዩ ባለው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ እኛ «ቀድሞ የሚበላ» ብለን ጽፈንበታል። ሁለት ቀን የሆነው ወጥ፣ የተከፈተው ወተት፣ ግማሽ ሽንኩርት፣ መለስለስ የጀመረ ቲማቲም ወደዚያ ይሄዳል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ መጀመሪያ የሚያዩት ትሪውን ነው። የምታበስለዋም «ዛሬ ምን ልሥራ?» ብላ ከመጠየቋ በፊት እሱን ታያለች፤ ከዚያ ቲማቲሙ ስልስ ይሆናል፣ ወተቱ እርጎ።

እንጀራ ፕላስተር አይለጠፍበትም፤ ለእሱ ሌላ ዘዴ አገኘን። አዲስ ሲጋገር የቆየው ይነሳና አዲሱ ከታች፣ የቆየው ከላይ ይሆናል፤ በመካከላቸው ቀይ ጨርቅ ይነጠፋል። ጨርቁ ላይ ሳይደረስ ከሥሩ መውሰድ ክልክል ነው። ትኩስ እንጀራ በሰፌድ ላይ በደንብ ሳይበርድ አይደራረብ፤ ላቡ ወርዶ ሻጋታውን የሚጠራው እሱ ነው። ከጨርቁ በላይ ያለው በሦስተኛው ቀን ካላለቀ ያን ቀን ጠዋት ፍርፍር ይሆናል፣ አለዚያ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ። የሻገተውን ክፍል ቆርጦ ቀሪውን መብላት ግን ተዉት፤ እንጀራ ለስላሳና ዓይናማ ስለሆነ የሻጋታው ክር ከሚታየው ነጥብ አልፎ ይሄዳል።

ይህ መንገድ የማይችለው አንድ ነገር ነው። ገበያ መሐል ቆሞ «ቤት ቲማቲም አለ ወይ?» ለሚል ሰው አይመልስም።

ቴሌግራም

አዳማ ከቆቃ፣ ከመቂና ከባቱ የሚመጣ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያልፍባት ከተማ ናት። ዋጋው ወርዶ መደቡ ቀይ ሆኖ ሲታይ አልፎ መሄድ ይከብዳል። ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ ፍራንኮ አካባቢ ሦስት ኪሎ ይገዛል፤ እኔ በዚያው ቀን ጠዋት ሁለት ኪሎ ገዝቻለሁ። አምስት ኪሎ የበሰለ ቲማቲም በዚህ ሙቀት ሦስት ቀን አይታገሥም። ይህን ፕላስተር ሊያድነው አይችልም፤ ጥፋቱ የተሠራው ፍሪጁ ዘንድ ሳይሆን ገበያ ላይ ነው።

ስለዚህ «ጓዳ» የሚል የቤተሰብ ቡድን በቴሌግራም ከፈትን። ጠዋት ዝርዝር መጻፍ ሞክረን ሰለቸን። የቀረው ከሁሉ የቀለለው ነው፦ ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው ከመውጣቱ በፊት የፍሪጁን በር ከፍቶ አንድ ፎቶ ያነሳል፣ የአትክልቱን ቅርጫት ደግሞ አንድ፤ ውጭ ያለ ሰው ከፈለገም ቤት ያለውን «ፎቶ ላኩልኝ» ይላል። የምታግዘን ልጅ መጻፍ ስለማትወድ በድምፅ ትልካለች፤ «ሽንኩርት አለ፣ ቃሪያ አልቋል» ብላ። ሁለት ጊዜ መግዛት በአንድ ወር ውስጥ ቆመ ማለት ይቻላል።

ጉድለቱ ትናንት የተላከው ዛሬ ከሥር መቀበሩ ነው። የምግቡን ቀን ለመያዝ አይሆንም፤ ለግዢ ብቻ ያዙት። ኔትወርክ በጠፋ ቀንም መደወል ይሻላል።

ግዢን ካነሳሁ አይቀር፣ ቲማቲም ስትገዙ ከፊሉን የበሰለ፣ ከፊሉን ገና አረንጓዴነት ያልለቀቀው አድርጉት። የበሰለው ፍሪጅ ይገባል፣ ሌላው ከፀሐይ ተሸሽጎ ውጭ ይቆያል። ቲማቲም፣ ሙዝ፣ አቮካዶና ማንጎ ሲበስሉ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ፤ ጎመንና ሰላጣ አጠገባቸው ካደሩ ቶሎ ይወይባሉ። ድንችና ሽንኩርትም ለየብቻ ይቀመጡ።

ኤክሴል

ኤክሴል የምመክረው በሥራ ቦታው አስቀድሞ ለሚጠቀምበት ሰው ብቻ ነው፤ ለዕለት ምግብ ከደብተሩ የተለየ ዕጣ አይገጥመውም። አንድ ሥራ ግን በደንብ ይሠራል፤ ፍጆታችሁን ያሳያችኋል። 50 ኪሎ ጤፍ መስከረም 1 ተከፍቶ ጥቅምት 20 ካለቀ 49 ቀን ቆይቷል፤ በቀን አንድ ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ይህን ካወቃችሁ በአንድ ጊዜ ስንት እንጀራ መጋገር እንዳለበት መገመት ትችላላችሁ። እኛ ከዚህ ስሌት በኋላ በሳምንት ሁለት ጊዜ ብዙ ከመጋገር ይልቅ ሦስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ መጋገር ጀመርን። ሻጋታውን ከቀይ ጨርቁ ባላነሰ የቀነሰው ይህ ነው። በእርግጥ ይህን ስሌት በወረቀትም ማውጣት ይቻላል።

የምግብ መከታተያ መተግበሪያዎች

እንደ ኖዌስት ያሉት ስልክ ላይ ይጫናሉ፤ ፍሪጅ፣ ፍሪዘርና ጓዳ ለየብቻ ተከፍለው እያንዳንዱ ዕቃ ከነማብቂያ ቀኑ ይመዘገባል። ግሮሲ የሚባለው ደግሞ በነፃ የሚገኝ፣ ኮዱ ለሁሉ ክፍት የሆነና በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ነው፤ መረጃው የሌላ ድርጅት ዘንድ አይሄድም። ክምችት፣ የግዢ ዝርዝርና የማብቂያ ቀን አንድ ላይ ይይዛል፣ ባርኮድም ያነባል። የምታስገቡበትን ያህል የሚመልሱ በደንብ የታሰቡ መሣሪያዎች ናቸው።

ችግሩ ጓዳችን ላይ ነው። ከመደብ የተገዛ ቲማቲም፣ በኬሻ የመጣ ጤፍ፣ ቤት የተነጠረ ቅቤ ባርኮድ የላቸውም። ባርኮድ ያለው ፓስታና ዱቄት ወተት ቢሆንም እንኳ ተራው ባርኮድ የሚናገረው የዕቃውን ማንነት እንጂ የሚያበቃበትን ቀን አይደለም፤ ቀኑን በእጅ ማስገባት የግድ ነው። እኔም የሰለቸሁት እዚህ ላይ ነው። ከአራቱ የምንጥላቸው ነገሮች መካከል ባርኮድ ያለው ወተቱ ብቻ ነበር።

የቀን አቆጣጠሩም ያሳስታል። በዕቃው ላይ 09/01/26 ተብሎ የታተመው በእኛ አቆጣጠር ጥር 1 ቀን 2018 ነው፤ በመስከረም ወር የሚያበቃ አድርጎ የሚያነበውም ሰው አይጠፋም። እኛ የታሸገ ነገር ቤት ሲገባ የእኛን ቀን በማርከር በጉልህ እንጽፍበታለን። እዚሁ ላይ፣ ከዚህ ቀን በፊት ቢጠቀሙት ይመረጣል የሚለውና እስከዚህ ቀን ብቻ የሚለው ጽሑፍ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ስለ ጣዕምና ጥራት ነው፤ ቀኑ ያለፈ ደረቅ ፓስታ እሽጉ ካልተቀደደ ለመጣል አያደርስም። ሁለተኛው ስለ ጤና ነው፤ እሱን አክብሩት።

ለማን ይሆናሉ? ትንሽ ሱቅ ወይም የእንግዳ ማረፊያ ለሚያስተዳድር፣ የታሸገ ነገር በብዛት ለሚገዛ፣ የሕፃን ወተትና መድኃኒት በአንድ ላይ ለሚከታተል ሰው እመክራቸዋለሁ። ስልኩ ራሱ ማስታወሱ ለእንዲህ ያለ ሰው እውነተኛ እረፍት ነው።

የትኛውም የማይቆጥረው የጾም ቀን

በማክሰኞ ማታ የተረፈ የሥጋ ወጥ አራት ቀን አለው ብላችሁ ብታስቡ ተሳስታችኋል። ረቡዕ ጾም ነው። ሐሙስ ካልተበላ ዓርብ ጾም ነው። ቅዳሜ ሲደርስ አምስተኛ ቀኑን ይዟል። ስለዚህ ያ ወጥ የሚበላበት አንድ ቀን ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ሐሙስ። ይህን የሚያውቅ መተግበሪያ አላገኘሁም፤ ማርከር የያዘ ሰው ግን «ሐሙስ ያልቃል» ብሎ መጻፍ ይችላል።

እኛ ሁለት ቀለም እንጠቀማለን፦ ለፍስክ ቀይ፣ ለጾም አረንጓዴ። ይህ ሌላም ብክነት አስቀረልን። ቀድሞ ረቡዕ ቀን ፍሪጅ ውስጥ ያለ ሽሮ «ቅቤ ነክቶት ይሆን?» በሚል ጥርጣሬ ሳይነካ ይውልና በመጨረሻ ይደፋ ነበር። አረንጓዴ ጽሑፍ ካለበት ጥርጣሬ የለም።

ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ከቅበላው አንድ ሳምንት ቀድማችሁ ፍሪዘሩን ከፍታችሁ ያለውን ሥጋ፣ ቅቤና አይብ ዘርዝሩ፤ በዚያ ሳምንት ገበያ የምትሄዱት ለዝርዝሩ ማሟያ ብቻ ይሁን። 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ያለማቋረጥ የቀዘቀዘ ሥጋ 55 ቀን ችግር የለበትም። ጥያቄው «ያለማቋረጥ» የሚለው ነው። ጎረቤቶቻችን በረመዳን ለአፍጥር የሠሩት ሳምቡሳና ሾርባ ሲተርፍ ተመሳሳይ ጥያቄ ይገጥማቸዋል፤ ቀን የተጻፈበት ዕቃ ለሱሁር ቶሎ ይነሳል።

መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ካልተከፈተ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ሙሉ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነ 24 ሰዓት። የጠፋበትን ሰዓት በሩ ላይ ጻፉ። ከቤት ርቃችሁ የምትከርሙ ከሆነ በኩባያ ውኃ አቀዝቅዛችሁ በበረዶው ላይ አንድ ሳንቲም አስቀምጡ። ስትመለሱ ሳንቲሙ ወደ ታች ሰምጦ ካገኛችሁት በረዶው ቀልጦ ተመልሶ የረጋ ነው፤ ሥጋውም እንዲሁ።

ለየትኛው ቤት የቱ

ብቻውን የሚኖር ተማሪ ወይም ሠራተኛ ትሪውን ብቻ ይያዝ፤ ሌላው ይቅርበት። ባልና ሚስት ሁለቱም የሚገዙ ከሆነ የፍሪጁ ፎቶ ከማንኛውም መዝገብ ይበልጥባቸዋል። እንደ እኛ ገዢው፣ አብሳዩና በላተኛው የተለያየ ቤት ፕላስተርና ቀይ ጨርቅ ያስፈልገዋል፤ ለሚቆየው እህል ደግሞ ደብተር። ፍሪጅ የሌለው ቤት ከሁሉ አስቀድሞ የግዢውን መጠን ያስተካክል፤ እዚያ የሚከታተሉት የተረፈውን ሳይሆን የሚገባውን ነው፤ የሁለት ቀን ቲማቲም መግዛት በርካሽ አምስት ኪሎ ከመያዝ ያተርፋል።

ሁለት መንገድ በአንድ ቀን አትጀምሩ። አንዱን ለአንድ ወር ሞክሩ፣ ከዚያ ለሁለት ሳምንት የሚጣለውን እንደገና ጻፉና ከመጀመሪያው ወረቀት ጋር አስተያዩት። ወረቀቱ ካላጠረ መንገዱን ቀይሩ፤ ሰዎቹን አትውቀሱ።

በእኛ ቤት ሁለተኛው ወረቀት ላይ እንጀራ ሁለት ጊዜ፣ ቲማቲም አንድ ጊዜ ተጽፏል፤ የሥጋ ወጥ የለም። አማቴ መጀመሪያ ላይ ፕላስተሩን አልወደዱትም ነበር። ባለፈው ሳምንት ቅቤ አንጥረው ሲጨርሱ ታናሽ ልጄን ጠሩትና ማርከር እንዲያመጣ ነገሩት። ቀኑን በቁጥር ሊጽፍ ሲል «አይ፣ እንደሱ አይደለም» አሉት። አሁን በማሰሮው ላይ በልጅ እጅ ጽሑፍ፣ በቀይ፣ «የጊዮርጊስ ማግስት» የሚል ተለጥፎበታል።